ሙት አስነሺው እና የመጨረሻው ባትሪ

ሐዘናችንን ልትካፈሉ ለመጣችሁ ሁሉ ፈጣሪ ብድራችሁን ይክፈልልን። ወንድሜን «እርሳቸው» እያልኩ የማነበው ለወጉ ነው እንጂ፣ እኔ ታላቅ እህታቸው በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኋቸው ናቸውና አንደበቴ ቢደናቀፍ አትፍረዱብኝ። ደግሞም የማነበው ለሟች ብቻ አይደለም፤ ከፊቴ ለተቀመጠችው ለአንዲት ልጃቸውም ጭምር ነው፤ አባቷን የገደለውን ዓይነት ባትሪ ይዛ አልሰጥም ብላለችና።

ከአናጺ አባታችንና ከልብስ ሰፊ እናታችን ሁለተኛ ልጅ ሆነው የተወለዱት ወንድማችን፣ ገና በልጅነታቸው የተሰበረ ዕቃ ሲያዩ እህል የማይበላላቸው፣ የአባታችንን የእጅ ሰዓት ፈታተው ሲገጥሙ አንድ ብሎን ቢተርፋቸው እንኳ ድሮም ትርፍ ነበር ብለው ሽንጣቸውን ገትረው የተከራከሩ ነበሩ። የቴክኒክ ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በሊፍት ጠጋኝነት ተቀጥረው ሲሠሩ፣ ሊፍት ተዘግቶባቸው የድረሱልኝ ጩኸት ያሰሙ የነበሩትን መምህርት በሩን ፈልቅቀው አወጧቸው፤ በማውጣት ብቻ ሳይወሰኑም አገቧቸው። ባለቤታቸው፣ ከአንዱ ሳጥን አውጥተው ሌላ ሳጥን ውስጥ ከተቱኝ እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር፤ ቢሆንም ትዳራቸው የሰመረ ነበር።

ልጃቸው ትንሽ ከፍ እንዳለች አንድ የሥራ ባልደረባቸው የተሰበረች፣ በሪሞት የምትነዳ ትንሽ የውድድር መኪና ሰጧቸው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ እኛ ሰው አጣን፣ የምግብ ጠረጴዛውም ጋራዥ ሆነ። እያንዳንዱን ጎማ በወጥ ቤት ሚዛን ላይ አቁመው ግራው ከቀኙ እስኪስተካከል ባትሪውን ወዲያና ወዲህ የሚገፉ፣ የሞተሩ ጥርስ ከትልቁ ጥርስ ጋር እንዳይፋተግም እንዳይላላም በመካከላቸው ቀጭን ወረቀት አስገብተው ካጠበቁ በኋላ ወረቀቱን ስበው የሚያወጡ፣ ንዝረቱን የሚያበርደውን የሞላዎቹን ዘይት በብርድ ቀን ቀጠን፣ በሙቀት ቀን ወፈር የሚያደርጉ፣ ከውድድር በኋላም ጎማዎቹ የሚሽከረከሩባቸውን ኩሽኔታዎች አንድ በአንድ አውጥተው የሚያጥቡ ነበሩ። ልጃቸው ስታድግ መንዳቱን ከእርሳቸው ይልቅ እንደተካነችው ባዩ ጊዜ ሪሞቱን አስረክበዋት፣ እርሷ እየነዳች እርሳቸው እያሰናዱ ኖሩ። እንደነሱ የሚዋደድ አባትና ልጅ፣ እውነቴን ነው፣ አይቼ አላውቅም።

መጥፎው ነገር በባትሪው በኩል ገባ። እነዚህ ባትሪዎች ከልክ በላይ ባዶ ከሆኑ ቻርጀሩ አልሞላም ብሎ እንቢ ይላል። እንቢታው ምክር ነበር፤ ወንድሜ ግን እንቢ የሚል ማሽን ሁሉ የተበላሸ ይመስላቸው ስለነበር፣ ቻርጀሩን ባዶነቱን በማይመረምረው የአሮጌው ዓይነት ባትሪ ማስተካከያ ላይ አድርገው ያታልሉትና፣ የሞተው ባትሪ ጥቂት ሲነቃ ቶሎ ወደ ትክክለኛው ይመልሱት ነበር። በዚህም የውድድር ጓደኞቻቸው ሙት አስነሺ ብለው ሰየሟቸው፤ እርሳቸውም ስሙን ወደዱት። እኔ ግን ሞትን በጨዋታ አትጥሩት፣ ሰምቶ ይመጣል ብዬ ነበር፤ ሳቁብኝ።

በመጀመሪያ አንዱ ባትሪ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ቀጥሎ ሌላው የጠረጴዛውን ልብስ ለበለበው፤ ባለቤታቸውም ከእኔና ከባትሪው አንዳችንን ምረጡ ቢሏቸው ዕቃቸውን ሰብስበው ወደ ጓሮው ክፍል ተሰደዱ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰሞን ምንም አልተሰማም። እኛም ነገሩ ያለፈ መስሎን ተዘናጋን።

ባለፈው ውድድር ዋዜማ ልጃቸው ሁለቱን መኪኖቿን ሳታጠፋ ረስታ ኖሮ፣ የቀሯት ሁለት ባትሪዎች ሞተው ተገኙ። አዲስ ልግዛ ብትላቸው፣ እኔ በሕይወት እያለሁ? ብለው ተቆጡ። በማግስቱ አንዱን አንቅተው ሰጥተዋት ወደ ሜዳው ሸኟት፤ ሁለተኛውን ሲያነቁ ምሳ ቀርቦ ተጠሩና፣ ቻርጀሩን ወደ ትክክለኛው ሳይመልሱት ወጡ። በሕይወታቸው ሙሉ ከወረቀት በማይሰፋ ክፍተት ሲጨነቁ የኖሩ ሰው ናቸው እንግዲህ! ሁለት ጉርሻ ሳይበሉ የጓሮው ክፍል በነጭ ጭስ ታፈነ። እርሳቸውም ስንጮህባቸው ሳይሰሙ፣ ጠረጴዛው ላይ የቀረችውን ሁለተኛዋን የልጃቸውን መኪና ላውጣ ብለው ገቡ። ልጃቸው ዋንጫዋን ታቅፋ ስትመለስ አምቡላንሱን በር ላይ ቆሞ አገኘችው።

ሐኪሞች የሚቻላቸውን ሁሉ አደረጉ፤ በጭሱ የተቃጠለ ሳንባቸው ግን አልመለስ አለ። ድምፃቸው ከጠፋ በኋላ ልጃቸውን እያዩ በእጃቸው ወደ ውጭ፣ ወደ ውጭ የሚል ምልክት ደጋግመው ሲያሳዩ፣ እኛ አየር አጥሯቸው መስሎን መስኮቱን ከፈትንላቸው። እርሳቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ምን ማለታቸው እንደነበር የገባኝ ካረፉ በኋላ ነው፤ ያነቁላትን ባትሪ ከቤት አውጡት ማለታቸው ነበር።

ወንድማችን ውድ ባለቤታቸውን፣ አንዲት ልጃቸውንና እኔን እህታቸውን ትተው ተለይተውናል። የጻፍኩት እዚህ ላይ ያበቃል። ነገር ግን ልጃችን ያሸነፈችበትን ባትሪ፣ የአባቴ እጅ የነካው የመጨረሻ ነገር ነው ብላ ከአጠገቧ አላርቅ አለች፤ ዛሬም በቦርሳዋ ይዛው መጥታ ይኸው ጉልበቷ ላይ አስቀምጣዋለች። ብንለምናትም አትሰማም፤ የአባቷ ልጅ ናት። አሁን እያነበብኩ ሳለ ግን ያን ቀን ከጓሮው ክፍል የሸተተኝ ዓይነት፣ የጥፍር ቀለም የመሰለ ሽታ መጣብኝ፤ የቦርሳውም ጎን ቅድም እንዲህ የተነፋ አልነበረም፤ እርሷም ጉልበቷን እንዳቃጠላት ሰው ደጋግማ ታነሳዋለች።

ፈጣሪ የወንድሜን ነፍስ ጭስ በማይደርስበት ያሳርፍልን። አሜን በሉልኝ፤ ግን ከመቀመጫችሁ እየተነሳችሁ፣ ወደ በሩ እየሄዳችሁ በሉልኝ። አንቺ ልጄ፣ አትደንግጪ፤ ቦርሳውን ቀስ አድርገሽ መሬት ላይ አስቀምጪውና ወደ እኔ ነይ። ነይ የኔ ልጅ፣ አባትሽ እዚያ ውስጥ የለም።