ባዶ እጁን የተመለሰው ንጉሥ

የእጅ ጽሑፌ ስለማያምር ይቅርታ አድርጉልኝ። ስምንተኛ ክፍልን እንደ ምንም ነው የጨረስኩት፤ የትኛው «ሀ» የት እንደሚገባም ይጠፋኛል። አያቴ ጋሽ ታደሰ ግን «እኔ የምለውን ብቻ ጻፊ፣ ከራስሽ አትጨምሪ» ስላሉኝ እንዳሉት ጻፍኩት። ፊደል አሁን አይታያቸውም፤ ስጨርስ አነብላቸዋለሁ። መቱ የምኖረው ከእሳቸው ጋር ነው። እናቴ ቤሩት ናት።

ይሄን ያጻፉኝ ቀን የአክስቴ ልጅ ሲፈን በስልኳ ፊልም ከፍታ አብረን እናያለን። ፊልሙ ላይ አንዲት አስተናጋጅ ሊፍት ውስጥ ገብታ ሌላ ዓለም ላይ ወጣች፣ ወዲያው ንግሥት አደረጓት። አያቴ ከጀርባችን ቆመው ኖሮ ሳቁ። ከዚያ ተቀመጡና እንዲህ አሉ።

በእኛ ጊዜ ይሄ ነገር በኪስ አይያዝም ነበር። ቪዲዮ ቤት ነበር የሚታየው። ከመናኸሪያው ጀርባ የገመቹ ቪዲዮ ቤት ነበር፣ ጭቃ ቤት ነው፣ አግዳሚውን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ አናጢ አይደለሁ? ታዲያ ገመቹ አንድ ቀን ምን አለኝ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ከመንገድ ሠሪ ፈረንጆች ጋር ሠርተው የለ፣ ቋንቋቸውን ያውቃሉ» አለኝ። እኔ ከእነሱ የተማርኩት «አምጣ»፣ «ውሰድ» እና አንድ ስድብ ነው። «አዎ፣ አውቃለሁ» አልኩታ! እና ተርጓሚ ሆንኩ። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ እቆማለሁ፣ በቀርከሃ ዘንግ እየጠቆምኩ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ እለቀዋለሁ፣ ሰውም አፉን ከፍቶ ይሰማኛል።

ፊልሙ ደግሞ፣ ስሙ ቢለያይም ያው አንድ ነው። ስሙኝማ። አንድ ምስኪን ሰው አለ፣ አለቃው የሚሰድበው፣ ሚስቱ የምትጮህበት። ታዲያ ቁም ሳጥን ይከፍታል፣ ወይ መስታወት ይነካል፣ ወይ ጉድጓድ ይገባል፣ እና ዥው! ሌላ ዓለም። እዚያ ሲደርስ ሁሉም ይሰግድለታል። «ስንጠብቅህ ኖርን!» ይሉታል። ማን ነው የሚጠብቀው? እኔ አዲስ አበባ የሄድኩ ዕለት የጠበቀኝ ኪስ አውላቂ ነው! ደግሞስ፣ እዚሁ ቅርብ ካለችው ከኖፓ መቱ ስትመጣ እንኳ ኬላ ላይ «ውረድ፣ መታወቂያ» ትባላለህ፤ እሱ ዓለም ሲቀይር «ከየት ነህ፣ የማን ወገን ነህ» የሚለው የለም። ቋንቋውስ? በደረሰ ዕለት ይግባባል!

ሲፈን «አባባ፣ ፊልም እኮ ነው» አለች።

ዝም በይ፣ ገና አልጀመርኩም። ታዲያ አንድ ቅዳሜ የዳቦ ጋጋሪው ፊልም መጣ። ጋጋሪው ምድጃው ውስጥ ወድቆ ሌላ ዓለም ይወጣል፣ ክንፍ ባለው ፈረስ ይሄዳል፣ ይነግሣል፣ ወርቁ እንደ በቆሎ ተከምሮለታል። ቤቱ ጢም ብሏል። አያንቱም ውስጥ ነበረች፣ በሩ ላይ ቆሎ የምትሸጠው፣ ገመቹ በነፃ ያስገባታል። ይቺ አያንቱ ልጇ ዲማ የሚባል ወርቅ የሚወጣበት አገር ሄዶ ቀርቶባታል። መቅረቱም መቅረት እንዳይመስላችሁ፤ ወርቁ አልቀናውም፣ እና ተመልሶ ጎሬ ድረስ መጥቷል። ጎሬ እኮ እዚችው ናት! እዚያ ጭነት እየጫነ ይኖራል፣ እናቱ ቤት መምጣት ግን አፈረ።

ለምን አትሉም? የእኛን አገር ሰው ታውቁታላችሁ። ሰው ከሩቅ ሲመጣ ጫማውን ሳያወልቅ ጎረቤቱ ገብቶ ይደረደራል። አፉ «እንኳን ደህና ገባህ» ይላል፣ ዓይኑ ሻንጣው ላይ ነው። ከዚያ «ማል ፊዴ?» ይመጣል፤ ምን አመጣህልን? ሻሽም ይሁን ሳሙና ለሁሉም መድረስ አለበት። ባዶ እጁን የመጣ እንደሆነ ወሬው ለልጅ ልጁ ይተርፋል።

ታዲያ ጋጋሪው ንግሥናውን ትቶ አገሩ ተመለሰ። በምድጃው ብቅ አለ፣ እናቱ ቆማለች። እጁ ባዶ! ቤቱ በአንድ ጊዜ ተነሣ። «ወርቁስ?» ይላል አንዱ። «ለእናቱ አንድ ሻሽ እንኳ?» ይላል ሌላው። «ጋሽ ታደሰ፣ ጠይቀው!» ይሉኛል። ምን ብዬ ልጠይቀው፣ ቴሌቪዥን ውስጥ ነው ያለው! «የከፈልነውን መልሱ፣ ይሄ ነግሦ አያውቅም፣ ውሸታም ነው!» ተባለ። ገመቹ በዓይኑ ይለምነኛል፣ አግዳሚዬ ሊሰበር ነው። እና ዘንጌን አነሣሁ። «ጸጥ! ምን እያላት መሰላችሁ? ‹እማዬ፣ ወርቁን በአህያ ጭኜ ደጅ አቁሜዋለሁ› እያላት ነው» አልኩ። ቤቱ አጨበጨበ። «እንዲያ ነው እንጂ!»

ታዲያ አያንቱ ተነሣች። «ጋሼ፣ ዋሽተዋል» አለችኝ በሰው ፊት። «ቋንቋውን አላውቅም፣ ዓይን ግን አለኝ። እናትየው ደጁን አየች? አላየችም። እጁን አየች? አላየችም። ፊቱን ነው የያዘችው።» ዞር ብዬ ሳይ እውነቷን ነው። ሴትዮዋ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ አትለቅም። አያንቱም ወደ ሕዝቡ ዞራ፣ «ከእናንተ መካከል ጎሬ የሚሄድ ሹፌር የለም? ልጄን ‹ሃርካ ዱዋ ኮቱ፣ ባዶ እጅህን ና ብላሃለች› በሉልኝ» አለች።

መጣ? መጣ። ጭነት መኪና ላይ ተሰቅሎ መጣ። እኛስ ተማርን? ምን እንማራለን! ያው ሄደን ተደረደርን፣ እኔም ነበርኩ። አንዷ፣ ያውም ፊልሙን እያለቀሰች ያየች፣ «ማል ፊዴ?» አለችው። ልጁ አንገቱን ደፋ። አያንቱ ምን ብትል ጥሩ ነው? «እጆቹን ይዞልኝ መጥቷል፣ ሁለቱንም» አለች። ቀጥላ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና «ሻንጣ ልታዩ የመጣችሁ፣ በዚህ በር ሌላ ዓለም አለላችሁ፣ ሂዱ ንገሡ!» ብላ ሁላችንንም አስወጣችን።

አያቴ እዚህ ላይ እስኪያስላቸው ሳቁ፣ ሲፈንም ሳቀች። እንባቸውን ጠርገው ደግሞ እንዲህ አሉ።

እዩት የሰውን ነገር! ክንፍ ያለውን ፈረስ አምኗል እኮ። ምድጃ ውስጥ መንገድ አለ ሲባል አምኗል። ሰው ባዶ እጁን ቤቱ ገባ ሲባል ነው «ውሸት!» ያለው። በይ አንቺ፣ ጻፍሽ?

ጻፍኩ አልኳቸው።

ከራሴ ልጨምር አልፈለግሁም፣ ግን ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ባለፈው ሰሞን እናቴ በሲፈን ስልክ ደውላ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ሲፈን ሱቅ ሄዳ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ «ዘንድሮ ትመጣለች፣ ቤቱን በብሎኬት ታሠራለች» ይላል፣ አያቴም እንደዚያው ይላሉ። እናቴ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ምንም ሳልይዝ ብመጣ ይስቁብኛል?» አለችኝ። እኔ ከሰው ጋር ማውራት አልችልም፣ ከእሷም ጋር አፍራለሁ። ምን እንደምላት ጠፋኝና ዝም አልኩ። ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ አልደወለችም።

አያቴ ይሄን አያውቁም። አሁን በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው የጻፍኩትን እንዳነብላቸው እየጠበቁኝ ነው። እናቴ ያለችኝንም ሳልዘል እስከዚህ ድረስ አነብላቸዋለሁ።