ያስደፈኑት ክዳን

እስቲ ፍረዱኝ። እንጅባራ ላይ የጋሽ አለሙን አዲስ ቤት ስለስን፣ የሳሎኑ መስኮት መዝጊያ ተጠቅልሎ የሚገባበት ሳጥን ግድግዳው ውስጥ ነበር። መዝጊያው ሲበላሽ ከፍቶ ለመጠገን እንዲመች ብዬ የሳጥኑን ክዳን ሳልለስን ተውኩት። ጋሽ አለሙ "ይሄ ምን ጠባሳ ነው? ድፈነው!" አሉኝ። ተሳስቼ እንደሆን ብዬ ዳሩን በውሃ ልክ ደግሜ አየሁት፤ ቀጥ ያለ ነው። "ኋላ ይቸገራሉ ጋሼ" ብላቸው፣ ሌላ ለሳኝ ጠርተው አስደፈኑት።

ቤቱ በተመረቀ ቀን መዝጊያው ወርዶ አልነሳ አለ። እንግዳው ሁሉ ጨለማ ውስጥ ተቀመጠ። እኔን አስጠሩኝ። ክዳኑን ለማግኘት ያንን ያስደፈኑትን ልስን በመሮ ስፈለፍል፣ ጋሽ አለሙ ወደ እንግዶቹ ዞረው "አያችሁልኝ? የዚህ ልጅ ልስን ገና በምርቃቱ ረገፈ!" አሉ። እንግዶቹም ከንፈር መጠጡ። ለእኔ መሰላችሁ? ለእሳቸው!