የአባቴ በሽታ

አባቴ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ሲሠራ ኖሮ በአንጀት ካንሰር ሞተ። ከእሱ በፊት ወንድሞቹን የጨረሰውም ያው በሽታ ነው። ስለዚህ እኔ ሆዴን በቆረጠኝ ቁጥር ተራዬ ደረሰ እያልኩ እሳቀቅ ነበር።

ጊዜው የደርግ ነው። ከሶቭየት ኅብረት ተምሮ የመጣ ሐኪም አለ ሲሉኝ ከእናቴ ጋር ሄድኩ። ሐኪሙ የቤተሰባችንን ታሪክ ሰምቶ፣ "ይህ በሽታ በዘር እንደሚወርድ ውጭ አገር እያጠኑት ነው። ሁሉም ልጅ ባይወርሰውም አንተን ግን በየጊዜው መመርመር አለብን" አለኝ። ላብ አጠመቀኝ።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ "ዶክተር፣ ይሄ ልጅ ከባሌ አልተወለደም" አለች።

ክው አልኩ። "እማዬ፣ ምን እያልሽ ነው?"

"ከእኔም አልተወለድክም፣ የኔ ልጅ። ወላጅ እናትህ ከሐርላ መንደር ወተት የምታመጣልን ሴት ነበረች። አንተን እኔ ጋ አስተኝታ የደቻቱን ወንዝ ስትሻገር ጎርፍ ወሰዳት። ፈላጊ ዘመድም አልመጣም። አባትህ እንዳልነግርህ አስምሎኝ ነበር፤ ዛሬ ግን በከንቱ ስትሳቀቅ ማየት አልቻልኩም።"

ሐኪሙ ፈገግ አለ። "እንግዲያስ ከሌላው ሰው የበለጠ አያሰጋህም" አለኝ።

ከላዬ ላይ ቋጥኝ የወረደ ያህል ቀለለኝ። ወዲያው ደግሞ አባቴን ዳግም የቀበርኩት መሰለኝና እንባዬ መጣ። እናቴ እጄን ያዘችኝ።

"አባትህ ሊሞት ሲል ምን አለኝ መሰለህ?" አለች። "'ተመስገን፣ እንኳን ከእኔ አልተወለደ!'"