ሲስተም የለም

ከመካነ ሰላም በተነሳው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ ከጎናቸው ያለው ወጣት ጭኑ ላይ ያስቀመጣትን ትንሽ የብረት ሳጥን ሲያዩ ቆይተው ጠየቁት።

«ይቺ ምን ትሠራለች፣ ልጄ?»

«በፋይበር የመጣውን ኢንተርኔት ለኮምፒውተር ታቀብላለች፣ አባባ። መሬት አስተዳደር ቢሮ ያሉትን ሁለት መሰሎቿን ላስተካክል ነው የምሄደው። ይቺ መጠባበቂያ ናት።»

«ምን ሆነው?»

«የፖርታቸው ሴቲንግ አልገጠመም።»

«እስቲ በሚገባኝ ንገረኝ።»

«አንዷ እያወራች ትሰማለች። ሌላዋ ተራ ካልደረሰኝ አላወራም ትላለች። በዚህ ይጋጫሉ።»

«ማን ነው እንዲህ ያደረጋቸው?»

«የገጠማቸው ሰው ረስቶ ይሆናል።»

«ረስቶ።»

«አብሽሩ፣ ትንሿን ማብሪያ ወዲህ መለስ ማድረግ ነው።»

«ሲጋጩ ታዲያ መስመሩ ጨርሶ ይጠፋል?»

«ኧረ አይጠፋም። ይንቀራፈፋል እንጂ ይሠራል።»

«ወረቀት ማውጣት ያቅተዋል?»

«ቢዘገይም ያወጣል።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«የመሬት ደብተሬን ስጡኝ ባልኩ ቁጥር ‹ሲስተም የለም› ይሉኛል። ለኔ የለም ባሉበት ቀን ጎረቤቴ የራሱን ይዞ ወጣ። የኔን ድንበር የገፋው ጎረቤቴ።»

«እሱን እንኳ እኔ አላውቅም፣ አባባ።»

«አታውቅም። ግን አሁን የነገርከኝን እዚያው ፊታቸው ትደግመዋለህ?»

«እኔ የመጣሁት ለመሣሪያው ነው።»

«ደግ። አብረን እንወርዳለን።»

አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን የመሬት አስተዳደር መታወቂያ ቀስ ብዬ ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩት።