የእትዬ ትብለጽ ሠላሳ ስምንት ዘመዶች

እንደምን ዋላችሁ! ኧረ ከኋላ ያላችሁ፣ ምግቡ አይሸሽም፤ አንዴ ስሙኝ።

እንዲህ ባለ የጡረታ ሽኝት ቀን ተናጋሪ የሚጀምረው ተሸኚው ሥራ የገባበትን ቀን በማውራት ነው። እትዬ ትብለጽ እዚህ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሲቀጠሩ ግን እኔ የወተት ጥርሴን እየነቀልኩ ነበር። ስለዚህ የራሴን የመጀመሪያ ቀን ላውራላችሁ። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት፣ የተተኮሰ ሸሚዜን ለብሼ፣ የምደባ ደብዳቤዬን ይዤ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ቀና እንኳ ሳይሉ «ስም ከነአያት!» አሉኝ። ተናገርኩ። ጻፉ። «ምንህን ነው የሚያምህ?»

«ኧረ ደህና ነኝ፤ ሥራ ልጀምር ነው የመጣሁት።»

«እሱ ነው ሕመሙ! ቁጭ በልና ተራህን ጠብቅ።»

ሁለት ሰዓት ሙሉ ከታማሚ ጋር ተሰለፍኩ። ወላሂ፣ «ሙህሲን መህዲ» የሚል ካርዴ ዛሬም መደርደሪያው ላይ አለ!

የሰው ስም ይረሳሉ፤ የካርድ ቁጥር ግን አይረሱም። አንድ ቀን ቆቦ ገበያ መሀል ፍየል የሚሸጥ ሰውዬ አይተው «ሃያ ሺህ አርባ ሦስት! እግርህ እንዴት ሆነ?» ብለው ጮኹ። ፍየሏን ሊገዛ የቆመው ሰው ዋጋዋን የተናገሩ መስሎት «ኧረ በጣም ተወደደች!» ብሎ ጥሎ ሄደ። ባለፍየሉ እስካሁን አኩርፏል። እስክሪብቷቸውንስ? በክር አስረው አንገታቸው ላይ ነው የሚያንጠለጥሉት። እኔን ስለማያምኑኝ ነው፤ ልክም ናቸው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ካርዱ ላይ «የቅርብ ተጠሪ» የምትል መስመር አለች። እኛ ደግሞ ያለነው አውራ ጎዳና ላይ ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ይመጣልናል፣ ረዳት ይመጣልናል፣ ለቀን ሥራ የወረደ ሰው ይመጣልናል። ነርሷ በሩ ላይ ወጥታ «የዚህ ታማሚ አስታማሚ!» ብላ ስትጣራ የሚመልስላት የለም። ታዲያ ማን ውሃ ያቀብለዋል? ማን ያገላብጠዋል? እትዬ ያቺን መስመር ባዶ መተው አቃታቸውና የራሳቸውን ስም ይጽፉባት ጀመር።

የዚያን ጊዜው ኃላፊያችን ካርዶቹን ሲያገላብጡ ደነገጡ፤ አስጠሯቸው። እኔም አብሬ ገባሁ፤ ወሬ አያምልጠኝ ብዬ ነው።

«ወይዘሮ ትብለጽ፣ በሁለት ወር ሠላሳ ስምንት ዘመድዎ ታሞ ተኝቷል። ምን ዓይነት ቤተሰብ ነው?»

«ሰፊ ነው። ገና ይመጣሉ።»

«ተጠሪ ብሎ የፈረመ ሲጠራ መምጣት አለበት!»

«መቼ ቀርቼ አውቃለሁ?»

እውነት ነው፣ ቀርተው አያውቁም። ከሥራ ሲወጡ ከአልጋ አልጋ ሲሉ ያመሻሉ። ብቻቸውን አልችል ሲሉ ጎረቤቶቻቸውን ሰበሰቡ። ዛሬ «የአልጋ ዳር እህቶች» አርባ አንድ ሆነዋል፤ ያው፣ ግማሹን ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል!

አምና ሮቢት አጠገብ አውቶቡስ ተገልብጦ አሥራ ዘጠኝ ቁስለኛ በአንድ ጊዜ ሲገባልን ታስታውሳላችሁ። አንድም የአገሬው ሰው የለበትም። እትዬ ስልክ አነሱ። ብዙም ሳይቆይ ባጃጅ ግቢውን ሞላው፤ ሴቶቹ ፔርሙስና ጋቢ ታቅፈው ወረዱ። ከዋጃ ሳይቀር በሚኒባስ መጡ። ነርሷ ወጥታ «አስታማሚ!» ስትል አሥራ ዘጠኝ ሴት በአንድ ድምፅ «አቤት!» አለች። ያን ቀን ይህ ግቢ ሠርግ ቤት መሰለኝ። አሥራ ዘጠኙም ድነው ወደየቤታቸው ገቡ!

እትዬ፣ አንድ ቀን «ያለ ደሞዝ መልፋት ምን ያተርፍልዎታል?» ብዬ ጠየቅኩዎት። «ወይንሸትን ጠይቃት» አሉኝ፤ ከእህቶቹ አንዷን። ጠየቅኋት። «ባሌ ከሞተ በኋላ ዓመት ሙሉ ማንም ፈልጎኝ አያውቅም» አለችኝ። «እዚህ በመጣሁ በሦስተኛው ቀን አምስት ቁጥር አልጋ ላይ ያለችው ሴትዮ 'ዛሬ ምነው ዘገየሽብኝ' ብላ ተቆጣችኝ። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።»

ከዚያ በኋላ እኔም ሴቶች ማህበር ውስጥ ሰርጌ ገባሁ፤ የወንዶች ክፍል ጢም ላጭ ተብዬ ተሾምኩ። ሁለት እጁ በጀሶ የታሰረ ሹፌር ላጨሁ። ይኸው ለእያንዳንዱ ዒድ እየደወለ «ጢሜ አድጓል፣ መቼ ትመጣለህ?» ይለኛል። በዚህ ሥራ አሥራ አራት ዓመት ደሞዝ በልቻለሁ፤ እንደዚያ ስልክ ያስደሰተኝ ግን የለም። ይህን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። አመሰግናለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የሰው ኃይሉ ታደሰ ማክሰኞ ዕለት ማህደርዎን ሊዘጋ ሲል ጠርቶ አሳየኝ። አይቆጡት። «በአደጋ ጊዜ ተጠሪ» በሚለው ቦታ፣ ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት፣ በራስዎ እጅ አንዲት ሰረዝ ተሰምራለች። ለስንቱ መንገደኛ ስምዎን ሲጽፉ የኖሩ ሰው፣ ለራስዎ የሚጽፉት አጥተው ነበር። እኔ እዚያው አጠገብዎ ተቀምጬ አላወቅኩም። አፈርኩ።

ለእህቶች ነገርኳቸው። በማግስቱ ሁሉም ታደሰ ቢሮ ገቡ። «ደንቡ አንድ ተጠሪ ነው የሚለው!» ቢል ወይንሸት «አንድ ቤተሰብ ብለህ ጻፍ!» አለችው። መስመሯ አልበቃ ብላ ሦስት ወረቀት ተሰፋባት፤ አርባ ሁለት ስም። የመጀመሪያው የእኔ ነው፤ እስክሪብቶው በእጄ ነበራ! ማህደሩም በዚያው ተዘጋ።

ከሰኞ ጀምሮ መስኮቱ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ያቺ መስመር ባዶ አታድርም፤ ቃሌ ነው። እርስዎም ሲመጡ በሠራተኛ በር ሳይሆን በአስታማሚ በር ይግቡ፤ ዘበኛው ተነግሮታል።

በሉ ተነሡ! ጠላ የያዘ ጠላውን፣ እንደኔ ለስላሳ የያዘ ለስላሳውን ያንሣ። ዕድሜዎ ይርዘም፣ ጉልበትዎ ይጽና፣ ቤትዎ ሰው አይጣ። አሁን እንደ ነርሷ እጣራለሁ፤ ግድግዳው እስኪነቃነቅ መልሱልኝ።

የእትዬ ትብለጽ ተጠሪ!

«አቤት!»