በሁዳዴ የተቆረጠ ቀን

ቪየና፣ ዓርብ ከቀትር በኋላ፤ ለሠርግ ትናንት ከደብረ ብርሃን የመጣችው የሺመቤት በድሮ ቤተ መንግሥት አትክልት ስፍራ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ የነጠላ ጫፍ ትቋጫለች፤ ሙሽራዪቱ፣ ከሕፃንነቷ ያሳደገቻት ታናሽ እህቷ ሰናይት፣ ፊቷ ቆማለች።

ሰናይት፦ እታለም፣ ቀና በይና እዪው እንጂ። ሰው ስንት አገር አቋርጦ ለሚያየው ቤተ መንግሥት ጀርባሽን ሰጥተሽ ክር ትቆጥሪያለሽ?

የሺመቤት፦ አየሁት። ቢጫ ነው።

ሰናይት፦ ቢጫ ነው? በቃ?

የሺመቤት፦ ትልቅ ነው፣ ቢጫ ነው፣ መስኮቱ ብዙ ነው። መጋረጃ የሚያጥበው ሰው ያሳዝናል። ሌላ ምን ልጨምርልሽ?

ሰናይት፦ አትክልቱ እኮ በነፃ ነው። ዛሬ ከትራም ትኬት በቀር ምንም የማናወጣበት ቀን አዘጋጅቼልሽ ነበር። መሀል ከተማውን እንዞራለን፣ ከዚያ ወንዝ ዳር አረፍ እንላለን…

የሺመቤት፦ ቀን ማዘጋጀት ትችያለሽ ለካ።

ሰናይት፦ ደግሞ ጀመርሽ።

የሺመቤት፦ መቼ አቆምኩና? «ሠርጌ ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው» ብለሽ አስመጣሽኝ። እኔ ሞኟ፣ ወር ቀደም ብዬ ደርሼ ልደግስላት ብዬ በርበሬ ተሸክሜ መጣሁ። ትናንት ማታ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «ከነገ ወዲያ ነው» አልሽኝ። እሑድ ደብረ ዘይት ነው፣ ሰናይት! የጾሙ እኩሌታ!

ሰናይት፦ ተሳሳትኩ አልኩሽ። ወጥ ቤት የተሰቀለው ቀን መቁጠሪያ ላይ ፋሲካ በቀይ ተጽፎ አየሁ፤ እሱን ይዤ ቆረጥኩ። የእነሱና የእኛ ዘንድሮ አምስት ሳምንት ይራራቃል ብዬ አላሰብኩም።

የሺመቤት፦ የሚጾም ሰው ፋሲካን ግድግዳ ላይ አይፈልግም። ሆዱ ይነግረዋል።

ሰናይት፦ ትራሙ እያመለጠን ነው።

የሺመቤት፦ ጾም ከተውሽ ስንት ዓመትሽ ነው?

ሰናይት፦ ተነሺ፣ መንገድ ላይ ትቋጪዋለሽ።

የሺመቤት፦ ስንት?

ሰናይት፦ አራት።

የሺመቤት፦ በስልክ ግን «እታለም፣ ሽሮዬን ሠርቼ በላሁ» ትዪኝ ነበር።

ሰናይት፦ ሽሮ እበላ ነበር እኮ።

የሺመቤት፦ በቅቤ።

ሰናይት፦ በቃ ተነሺ! ሰው ሁሉ እያየን ነው። …ግቢ። እዚህ፣ መስኮቱ ጋ ተቀመጪ። ትራሙ ዙሪያውን ያዞረናል፣ አንድ እርምጃ አንሄድም። ይኸው ኦፔራ ቤቱ። ያ ደግሞ ምክር ቤቱ ነው።

የሺመቤት፦ ማዘጋጃ ቤቱስ?

ሰናይት፦ ያ ማማው የሚታየው። እኔና ማቲያስ የምንፈራረመው ግን በሰፈራችን ባለው ቢሮ ነው፤ ነገ በእኛ አራት ሰዓት። አንቺ ምስክር ሆነሽ ከጎኔ ትቆሚያለሽ። የሚጠይቁሽ ፓስፖርትሽን ብቻ ነው።

የሺመቤት፦ አልቆምም።

ሰናይት፦ ቀስ በዪ፣ ሰው ይሰማል።

የሺመቤት፦ ማን ነው አማርኛ የሚሰማው? ያ ውሻ ያቀፈው ሽማግሌ? አልቆምም። እቤት ቁጭ ብዬ ምስሬን እለቅማለሁ።

ሰናይት፦ ማቲያስ ምን አደረገሽ?

የሺመቤት፦ ምን ያደርገኛል? ሻንጣዬን ተሸክሞ አራት ፎቅ የወጣ ሰው! ፈረንጅ ነው፣ ጾማችንን ባያውቅ አልፈርድበትም። እኔ የምጣላው ከምታውቂው ከአንቺ ነው።

ሰናይት፦ ታዲያ ምን ላድርግ? ሌላ ቀን ብጠይቅ ለመስከረም ነው የሚሰጡኝ።

የሺመቤት፦ መስከረም ምን አለው?

ሰናይት፦ አንቺ የለሽበትም! ቪዛሽ እስከ ዳግም ትንሣኤ ነው። አንቺን ለማስመጣት ስምንት ወር ደጅ የጠናሁት ምስር እንድትለቅሚልኝ ነው?

የሺመቤት፦ ምስር የሚለቅምልሽ ባይኖር ለዚህ አትበቂም ነበር።

ሰናይት፦ አወቅኩ። ትናንትም ነግረሽኛል፣ ዛሬም ጠዋት ነግረሽኛል። እዚህ እንውረድ። ደረጃው ያዳልጣል፣ ያዢኝ።

የሺመቤት፦ ተዪኝ፣ እግር አለኝ።

ሰናይት፦ እሺ፣ ብቻሽን ውረጂ። ይኸው ዳኑብ። እሱንም ቢጫ ነው በዪኝ።

የሺመቤት፦ ደፍርሷል። እንዳንቺ።

ሰናይት፦ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ እዚሁ ተቀመጪና ቅመሺ። ዳቦና ወይራ ይዤልሻለሁ። ወተት እንዳይኖርበት የላስቲኩን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

የሺመቤት፦ አንቺስ?

ሰናይት፦ አልራበኝም።

የሺመቤት፦ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመስሽም። አይቼሻለሁ። የአራት ዓመቱን በአንድ ዓርብ ልታካክሺው ነው?

ሰናይት፦ ብበላ ትቆጪያለሽ፣ ብጾም ታሾፊያለሽ! እሺ፣ በቃ። ደክሞኛል። ይኸው ስልኬ፤ ለማቲያስ ደውዬ ሰርዘው እለዋለሁ። አንቺ የሌለሽበት ሠርግ አልፈልግም።

የሺመቤት፦ ስልኩን አስቀምጪ።

ሰናይት፦ ለምን? የፈለግሽው ይኸው አይደል? …እየጠራ ነው።

የሺመቤት፦ ዝጊው አልኩሽ!

ሰናይት፦ …ዘጋሁት። ምን ሆንሽ? 

የሺመቤት፦ እማዬ ስትሞት ስንት ዓመትሽ ነበር?

ሰናይት፦ ሁለት።

የሺመቤት፦ በሁዳዴ ነው የሞተችው። ልክ በዚህ ሳምንት። የእኔ ሠርግ ለዳግም ትንሣኤ ተቆርጦ፣ ብቅሉ ሰሌን ላይ ተሰጥቶ ነበር።

ሰናይት፦ የአንቺ ሠርግ? ይሄን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

የሺመቤት፦ ማን ይንገርሽ? ሰውየው ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ «ሕፃኗን ለዘመድ ስጪና በቀኑ እንጋባ» አለኝ። አንቺ ጀርባዬ ላይ ታዝለሽ ተኝተሻል። ቀኑን ሰረዝኩት። ብቅሉን ጎረቤት ወሰደችው።

ሰናይት፦ እታለም…

የሺመቤት፦ አታልቅሺብኝ። ዳቦውን ታረጥቢዋለሽ። ከእኛ ቤት አንድ የተሰረዘ ቀን ይበቃል።

ሰናይት፦ ትቆሚልኛለሽ ማለት ነው?

የሺመቤት፦ ነገ ሠርግ የለም። ነገ ወረቀት ነው። ወረቀት መፈረም ጾም አያስገድፍም። ሙዚቃ የለም፣ ሥጋ የለም፣ ኬክ የለም።

ሰናይት፦ ኬኩ ታዟል።

የሺመቤት፦ የማቲያስ እናት ይብሉት። አንቺና እኔ አንነካውም። ማታም እስከ ፋሲካ ድረስ ከእኔ ጋር ነው የምትተኚው።

ሰናይት፦ እታለም! አራት ሳምንት? ምን ብዬ ነው የማስረዳው?

የሺመቤት፦ ቀን መቁጠሪያውን አሳዪው። በይ፣ ይቺን ጫፍ ያዢልኝ። ወጠር አድርጊው እንጂ! አሁንም እጅሽ ልፍስፍስ ነው። …ይኸው፣ አለቀ።

ሰናይት፦ ለኔ ነው እንዴ? ነገ ልልበሰው?

የሺመቤት፦ አጥፈሽ ቦርሳው ውስጥ ክተቺው። እሱ ለፋሲካ ነው፤ እልልታዬም አብሮት ይቆያል። ነገ ፓስፖርቴን ብቻ ነው ይዤ የምመጣው።