የግራዝማች ገላው መነጽር

በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. በጥር ወር፣ የብቸናው አዳኝ ግራዝማች ገላው ከባለቤታቸው ጋር ለዘመድ ሠርግ ሞጣ ሄደው ሳለ፣ ከነጋዴው ከፋንታ ሱቅ ደጃፍ ላይ ከሟች ወንድማቸው ልጅ ከከፋለ ጋር ድንገት ተገናኙ። ከፋለ ጎንደር ተምሮ በሞጣ ክሊኒክ ድሬሰር ሆኖ ይሠራል። ጉልበት ስሞ ደኅንነታቸውን ከጠየቀ በኋላ ምን ሊገዙ እንደመጡ ጠየቃቸው።

«ጥይት ነዋ! አንድ ነብር ከቆላ ወጥቶ የመንደሩን ጥጃ ፈጀው። ሁለት ጊዜ ተኩሼ ሳትሁት። ጥይቱ አርጅቷል ልጄ፤ እርጥበት ገብቶታል።»

እውነቱን ለመናገር፣ ግራዝማች ከነብሩ ይልቅ የፈሩት የመንደሩን ዝምታ ነበር። አገር «እሳቸው እያሉ ምን እንሆናለን» ብሎ የተማመነበት ሰው ሁለት ጊዜ ሲስት፣ ፊት ለፊት የሚናገረው አያገኝም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣» አለ ከፋለ፣ «ያ ወደኛ የሚመጣው ሰው ማን ነው?»

ግራዝማች ዓይናቸውን አጨንቁረው አዩ። «አንድ ሽማግሌ።»

«ባለቤትዎ እትዬ ይርጋነሽ ናቸው።»

ግራዝማች ጢማቸውን ጎተቱ። ከፋለም ሳይስቅ፣ በትሕትና፣ ፋንታን ጠይቆ ከመደርደሪያ ያስወረዳቸውን፣ ጠመንጃ ላይ የሚታሰሩ ሁለት ማነጣጠሪያ መነጽሮች አሳያቸው።

«በመስታወት የሚተኩስ ወንድ ምን ሊሉት ነው? መስታወቱ ገደለ አይሉም?»

«አያቴ በጦር ነበር የሚያድኑት። እርስዎ ምንሽር ሲያነሡ ብረቱ ገደለ ያለ አልነበረም?»

«ነበር እንጂ! አባቴ ራሳቸው!»

«ታዲያ ሰሟቸው?»

ግራዝማች ሳቃቸው አመለጣቸው። ይሁንና ሽንፈት በአንድ ጊዜ አይዋጥላቸውምና ረጅሙን መነጽር ብድግ አደረጉ። «እንግዲያው ይህን ነው። ያንን አጭሩን ይዤ ብቸና ብገባ መሳቂያ እሆናለሁ።»

«እስቲ ገበያውን ይዩበት።»

«ይህ የምን ጸጉር ነው?» አሉ ግራዝማች፣ መነጽሩን ወዲያ ወዲህ እያሉ።

«የበቅሎ ጆሮ ነው። ረጅሙ ሩቁን እጅግ ያቀርባል፤ የሚያሳየው ግን ጠባብ ነው። ለሜዳ ይሆናል። ነብር የሚወጣው ከቁጥቋጦ፣ ከቅርብ፣ ያውም ሲመሻሽ ነው። አጭሩ ሰፊ ቦታ ያሳያል፤ ሲመሽም አይጨልምብዎትም። መሣሪያ በቁመቱ አይመረጥም፣ ግራዝማች፤ በሥራው ነው።»

በአጭሩ መነጽር ሲያዩ በቅሎዋም ባለቤቱም ሙሉ ሆነው ታዩዋቸው። ከኪሳቸው ገንዘብ አውጥተው ገዙት። ከፋለም ይዘውት ከመጡት ምንሽር ጋር አስማምቶ አሰረላቸውና ከከተማው ውጭ ዒላማ ተክለው፣ ልክ እስኪሆን ድረስ ሞከሩት።

ብቸና በተመለሱ በሳምንቱ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግራዝማች ከመንደሩ ሰዎች ጋር ከምንጩ በላይ አድፍጠዋል። ከቁጥቋጦው ውስጥ አንድ ዝንጉርጉር ነገር ዝቅ ብሎ ተንቀሳቀሰ።

«መጣ! በሉት!» አሉ ሰዎቹ በሹክሹክታ።

ለግራዝማችም ዓይን ነብር ነበር። ጣታቸውን ምላጩ ላይ አድርገው በመነጽሩ አነጣጠሩ። በመስታወቱ ውስጥ የታያቸው ግን ደበሎ ነው፤ የቅኔ ተማሪ የሚለብሰው ዝንጉርጉር የበግ ለምድ። ባለ ደበሎው ጎልማሳ ጎንበስ ብሎ ውኃ ይጠጣል።

ጣታቸውን አነሡ። ምንሽሩን አስቀምጠው ተቀመጡ።

ተማሪው ድምፅ ሰምቶ ቀና አለ። ምንም ሳያውቅ «እንደምን ዋላችሁ፣ ስለ ቸሩ መድኃኔ ዓለም» ብሎ ለመነ። ግራዝማች ስንቃቸውን በሙሉ ሰጡት።

ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሩ። «ስሙኝ። ዓይኔ ደክሟል። ጥይቱ ላይ ያሳበብሁት ውሸት ነው። በባዶ ዓይኔ ብተኩስ ኖሮ ዛሬ የእናት ልጅ ገድዬ ነበር። ዓይን ማርጀቱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ መካዱ ነው። ከእናንተም ዓይኑ የደከመ ቢኖር ወይ መነጽር ይግዛ፣ ወይ ጠመንጃውን ለልጁ ይስጥ።»

ሰው ሁሉ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። እንዲህ ያለ ቃል ከግራዝማች አፍ ይወጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ የናቃቸውም የለም።

ነብሩ ብዙም ሳይቆይ በግራዝማች አንድ ጥይት ወደቀ፤ ጥጃም በሰላም ውሎ ይገባ ጀመር። የመነጽር ጥቅሙ ለማየት ነው፤ ቀጥሎም ለመግደል፣ ካስፈለገም ምሮ ለመተው። ስለ ነብሩ ሲያነሡባቸው ግን ግራዝማች ደረታቸውን ነፍተው፣ «ነብሩንማ ማንም ይገድለዋል፤ ሰው መሆኑን አይቶ ጣቱን ያነሣ እኔ ገላው ነኝ!» ይሉ ነበር።